መቅመስ አይቆጠርም

"ሌላውን ጣቴን ውጊው" አለ ኬክ ሠሪው፣ ቀኝ እጁን በጠረጴዛው ላይ እየገፋ። "ያኛውን ትናንት የጋለ ትሪ ፈጅቶታል። የተቃጠለ ጣት ምን እውነት ይናገራል?"

ነርሷ አልወጋችውም። ጥጧን አስይዛው ወደ ወረቀቷ ተመለሰች።

"ጣትዎ ምንም አልሆነ ጋሼ። የዛሬ ጠዋቱ ስኳርዎ ደህና ነው። ደህና ያልሆነው ባለፈው ከክንድዎ የቀዳነው ደም ነው። እሱ የአንድ ጠዋት ሳይሆን የሦስት ወር ወሬ ነው የሚያወራው። ብሶብዎታል።"

ፊቱ ጠቆረ። ቀጠሮው ሲቃረብ እራቱን እየዘለለ፣ በየማታው ሰፈሩን እየዞረ፣ ፈተና እንደደረሰበት ሰነፍ ተማሪ ሲራወጥ ነበር የሰነበተው። ወደ ኋላ የሚያስታውስ ደም እንዳለ የነገረው ሰው የለም። ደግሞ ከዚያ በፊትስ ቢሆን ምን አጠፋ? ሻዩን ያለ ስኳር፣ ዳቦውን ጥቁሩን፣ ሥራው ድረስ በእግሩ! ይህንኑ ውጭ የተሰለፉት ሁሉ እስኪሰሙት ድረስ ዘረዘረላት። ከነርሷ ጀርባ ግድግዳው ላይ የተለጠፈው ሰውዬ ፖም እየገመጠ ይስቃል። ይህን ሰውዬ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ጠልቶታል። ታሞ የማያውቅ ሰው ነው እንዲህ የሚስቀው።

"ጠዋት ጠዋት ደህና ከሆነ ከፍ የሚለው ቀን ላይ ነው ማለት ነው" አለች ነርሷ። "ቀን ላይ ምን ይበላሉ?"

"ባለቤቴ የቋጠረችልኝን። አትክልት፣ ባቄላ። ሌላ ነገር በአፌ አይዞርም።"

ይህን ሲል አልዋሸም። ቢያንስ መዋሸቱን አላወቀም።

ሲገባ ሳያስበው ፊደል እንደሚደራረብበት ነግሯት ነበር። አልረሳችውም። ከሰዓት በኋላ ዓይኑን እንዲታይ ብጣሽ ወረቀት ጽፋ ሰጠችው። ስኳሩ ቢያስቸግር መድኃኒት ይጨመራል፣ ባይሆን መርፌ አለ፣ ዓይን ግን አንዴ ከተጎዳ እንደ ድሮው ላይመለስ ይችላል አለችው፣ ረጋ ብላ። መርጋቷ ነው ይበልጥ ያናደደው። ወረቀቱን ጨምድዶ ኪሱ ከተተና ወጣ።

ሌባ እንደሚያሳድድ ሰው ነበር አካሄዱ። ለጤና የሚሄድ ሰው እንዲህ አይሄድም። ቀን ላይ! ቀን ላይ የሚበላው የሚስቱን ምሳ ብቻ ከሆነ ጥፋቱ ያለው ምሳው ውስጥ ነው። ከዚህ በላይ ምን ማስረጃ ይፈለጋል? መንገዱን ሳይሻገር ደወለ።

"ምሳዬ ላይ ምን ትጨምሪበታለሽ?"

"ምን ልጨምርበት?" አለች ሚስቱ። "ጨዉን እንኳ ፈርቼ ነው የምነሰንሰው።"

"ብሶብሃል ተባልኩ እኮ!"

ድምጿ ቀዘቀዘ። "ስማኝ። እዚህ ቤት ስኳር የሚባል ነገር ካየን ከረምን። ልጅህ ሻይ ሲያምራት ጎረቤት ነው የምትሄደው። ታማሚው አንተ፣ አመጋገቡ የሁላችን። ስኳር ያለው አንተ ጋ ነው፤ ያውም በኩንታል።"

"ነገረኛ" ብሎ ዘጋባት። ይቅርታ መጠየቅ እንዳለበት ገብቶታል፤ የሚጠይቀው ግን ማታ ነው፣ እሱም ከሆነለት።

ኬክ ቤቱ ሲደርስ አሠሪው በር ላይ ጠበቀው። ለሠርግ የታዘዘው ኬክ ከሰዓት በኋላ ይወሰዳል፤ የሙሽራዋ እናት ስልክ መደወል አላቆመችም። አሠሪውን ያስፈራው ዱቄቱም እንቁላሉም አልነበረም። "ብቻ ክሬሙን አንተ ራስህ እየው ሚዛኔ" አለው። ሚዛን የሚለውን ስም ያወጡለት ለምላሱ ነው። ከሌላ ሰፈር ድረስ ሰው የሚመጣው ለዚህ ምላስ ነበር፤ እሱም ያውቀዋል፣ አሠሪውም ያውቀዋል።

ሽርጡን አሠረ። ደረቱ ላይ ለትንንሽ ማንኪያዎች ብቻ የተሰፋ ኪስ አለ፤ የሰፋችለት ያቺው ነገረኛ ሚስቱ ናት፣ በደጉ ጊዜ። ረዳቱ ቅቤውን ስትመታ ደረሰ። ሁለት ልጆች ለብቻዋ የምታሳድግ፣ ክንደ ብርቱ ሴት ናት፤ አብራው ዓመታት ስትሠራ አንድም ቀን አስቀምሷት አያውቅም። ያንቺ ምላስ ለጨው የተፈጠረ ነው ይላታል። እሷም እሺ ብላ ትመታለች።

ክሬም በአንድ ጊዜ አይፈረድም። ስኳሩ ሲገባ ይቀመሳል፣ ቅቤው ሲዋሃድ ይቀመሳል፣ ቫኒላው ሲጨመር፣ ደግሞ ትንሽ ሲበርድ። ያፈላው ሽሮፕም አለ፤ ለኬኩ መሀል የሚሆነው ማርማላታም አለ። አንድ ማንኪያ ሁለቴ አይነከርም፤ ይላስና ውኃ ወዳለበት ሳፋ ይወረወራል። እሱ ይህን ሁሉ የሚያደርገው ሌላ ሰው እንደሚተነፍሰው ነው፣ ነርሷን በሆዱ እየተሳደበ።

ክሬሙ እስኪበርድ የሙሽሮቹን ስም ሊጽፍ ለላይኛው እርከን በተዘጋጀው ቸኮሌት ላይ አጎነበሰ። የመጀመሪያው ፊደል ቀና ብሎ ወጣ። ሁለተኛው ላይ መስመሩ ለሁለት ተሰነጠቀበት። ዓይኑን ጨፍኖ ገለጠ። ሁለተኛው ፊደል የመጀመሪያው ላይ ተጋድሟል። በቢላዋ ጫፍ ገፈፈውና ቢላዋውን ላሰው። ሁለቴ ደግሞ ጻፈ፣ ሁለቴም ገፈፈ።

ረዳቱ መምታቷን አቆመች።

"ምን ታያለሽ?"

"ምንም። ያ ስም ሦስት ጊዜ ተገፈፈ ብዬ ነው።"

ሦስቱንም ጊዜ ልሶታል። ይህ ከየት መጥቶ ጭንቅላቱ ውስጥ እንደገባ አያውቅም። ክሬሙን ለማየት እጁን ወደ ደረት ኪሱ ሰደደ፤ ኪሱ ባዶ ነው። ሳፋውን ዞር ብሎ አየ። ማንኪያዎቹ ተቆልለው ከውኃው በላይ ብቅ ብለዋል። ምሳ ሰዓት እንኳ ገና አልደረሰም።

"መቅመስ መብላት አይደለም" አለ፣ ማንም ሳይጠይቀው።

"ታዲያ የት ይሄዳል ጋሼ?"

ሊጮህባት ዞረና ዓይኑ ሳፋው ላይ አረፈ። ሚስቱ በቁጣ የነገረችው፣ ነርሷ ረጋ ብላ የጠየቀችው፣ ሁሉም እዚያ ሳፋ ውስጥ ነበር።

"ይትፉታ" አለች ረዳቱ ድምጿን ዝቅ አድርጋ። "እኔ ብሆን እተፋው ነበር።"

"ክሬም የሚፈረደው ጉሮሮ ላይ ነው። ለዚህ ነው ያንቺ ምላስ..." ብሎ ተወው። ካልቀመሰ ምንድን ነው? ፊደል የሚደራረብበት፣ ዱቄት መሸከም ያቃተው ሽማግሌ። ዛሬ እሷ ከቀመሰች ነገም ትቀምሳለች፤ ከነገ ወዲያ አሠሪው በር ላይ የሚጠብቀው እሷን ነው። እጁን ኪሱ ውስጥ ከተተ። ነርሷ የሰጠችው ብጣሽ ወረቀት ሲንኮሻኮሽ ተሰማው።

ከሳፋው አንድ ማንኪያ አወጣ። አጠበው፣ አደረቀው፣ ብርሃን ላይ አይቶ ደግሞ አጠበው። ከዚያ እጀታውን ወደ እሷ አዞረ።

"እዪው" አላት። "አትቸኩዪ። መጀመሪያ ምላስሽ ላይ ይቆይ።"

ቀመሰች። ዓይኗን ጨፈነች፣ ልክ እሱ እንደሚያደርገው፤ ዓመታት ሙሉ ስታየው ኖራለች ለካ። እሱ ጣራውን አየ፣ መሬቱን አየ።

"ጥሩ ነው" አለች። ከዚያ ትንሽ አመነታች። "ሎሚ ግን ጎድሎታል።"

ሎሚ! ሃያ ዓመት የሠራውን ክሬም፣ ሎሚ ጎድሎታል! ምላሱ አፉ ውስጥ ተገላበጠ። አንድ ጊዜ፣ በጣቱ ጫፍ ብቻ፣ ለማረጋገጥ ያህል። ሁለቱን እጆቹን ወደ ኋላ አድርጎ ያዛቸው።

"ምን ያህል?" አላት።

"ግማሽ ይበቃዋል።"

ሎሚውን ለሁለት ቆረጠና ግማሹን አቀበላት። ስትጨምቀው አላየም። ጣቱ ላይ የቀረውን ጭማቂ በሽርጡ ጠርጎ፣ ሽርጡን ፈታና አንገቷ ላይ አጠለቀላት፤ የሙሽሮቹንም ስም እንድትጽፍ ነገራት። ከሰዓት በኋላ ዓይኑን ሊታይ ሲወጣ አሠሪው በር ላይ ቆሞ ነበር።

"ክሬሙን አየኸው?" አለው።

"ታይቷል" አለና መንገዱን ተሻገረ።