ከሐሳብ በታች ዝኒ ከማሁ

ማክሰኞ ጠዋት አምስት የእንግሊዝኛ ቃላት ትርጉማቸውን ሊወስዱ ወደ መዝገበ ቃላት ክፍላችን መጡ። ጥበቃው መዝግቦ አግዳሚው ወንበር ላይ አስቀመጣቸው።

አይዲያ ይቀመጣል፣ ይነሳል። ቶውት ጢሙ የረዘመ ሽማግሌ ነው፤ አንዴ ከተቀመጠ አይነቃነቅም። ኮንሴፕት ልብሱ እጥፋት የለውም። ኦፒኒየን ማንም ሳይጠይቀው ከጥበቃው ጋር ይከራከራል። ጥግ ላይ ያለችው፣ ማስረጃ የማትይዘው ቀጭኗ ኖሽን ከየት እንደመጣች ራሷም አታውቅም።

የአለቃዬ የጋሽ ወልደሰንበት ሴት ልጅ እታፈራሁ ቤይሩት ሄዳ ድምፅዋ ከጠፋ ስድስት ዓመቱ ነው። ዘመድ ተስካሯን አውጥቷል። እሳቸው ግን ያለ አንዳች ማስረጃ "ትኖር ይሆናል" ይላሉ፤ ሐዘንተኛ አይደለሁም ብለው በየጠዋቱ ጢማቸውን ይላጫሉ።

መዝገበ ቃላቱ ከምሳ በፊት ማተሚያ ቤት መግባት ነበረበት። ጋሽ ወልደሰንበት በቶውት ካርድ ላይ "ሐሳብ" ብለው ጻፉ። በቀሩት አራቱ ላይ፣ ነገር ሲደጋገም በየቢሮው እንደምናደርገው፣ "ዝኒ ከማሁ" አሉ። ልክ እንዳልሆነ አውቄ ማኅተም መታሁበት። እኔም ርቦኝ ነበር።

"ከእነሱ ጋር ባይደምሩኝ" አለች ኖሽን። "ልጅዎን የያዝኩልዎ እኔ ነኝ።"

"ሰዓት ሄዷል" አሏት።

አምስቱም ሲወጡ የሽማግሌውን የቶውትን ፊት ይዘው ነበር።

ረቡዕ ጋሽ ወልደሰንበት ሳይላጩ መጡ። "ትኖር ይሆናል" የሚለው እንዳልመጣላቸው፣ ያለው "ሞታለች" የሚለው ብቻ እንደሆነ ነገሩኝ። ወደ ማተሚያ ቤቱ ሮጥኩ፤ ታትሞ አልቋል። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይባላል። እኛ የምንለቅመው እንኳ አላገኘንም።

ዓርብ ከሰዓት በገመድ የታሰረ ሻንጣ የያዘች ሴት መጣች። ከሕፃንነቷ ጀምሮ አውቃታለሁ፤ እታፈራሁ ናት። ጥበቃው ስሟን መዝገቡ ላይ ከአምስቱ ቃላት ስር ጻፈ። ጉዳይዋን ሳይጠይቅ፣ በልማድ፣ "ዝኒ ከማሁ" አለበት።

"አባባ፣ እኔ ነኝ" አለች።

ጋሽ ወልደሰንበት ከካርዶቻቸው ቀና ብለው አዩዋት። "ልጄ ሞታለች፤ አረፍ ይበሉ" አሏት።

እሷ ለመሆኗ ማልኩላቸው። ጨዋ ሰው ናቸው፣ እስክጨርስ ሰሙኝና ወደ ካርዶቻቸው ተመለሱ። ጓዳ ገብቼ አለቀስኩ።

አስራ አንድ ሰዓት ላይ ልዘጋ ስወጣ ሻንጣዋን ታቅፋ አግዳሚው ወንበር ላይ ተቀምጣለች። መሽቷል፣ ተነሽ አልኳት። ቀና አለች። የሽማግሌው የቶውት ፊት ነበር፣ ጢሙ ሳይቀር።