የተነሳው ቤት

ነጋ የተባለው የቅርስ ባለሙያ አብነት ሰፈር ድረስ መጥቶ «እማማ፣ ቤትዎን ልናነሳ ነው» ሲላቸው ወይዘሮ ዙሃራ በሩ ላይ ተገተሩ። በሰፈሩ «ተነሺ» የተባለ ሁሉ ዕቃውን ጭኖ ወደ ከተማው ዳር ሲሄድ አይተዋል። እሳቸው ደግሞ አማታቸው ያሠሩትን ባለ እንጨት ሰገነት ቤት ጥለው የትም የሚሄዱ ሰው አይደሉም።

«ወላሂ፣ ሬሳዬ ይነሳል እንጂ ቤቴ አይነሳም!»

«ኧረ እማማ፣ ፎቶ ነው!» ነጋ እየሳቀ ካሜራውን አሳያቸው። ጥልቀት ይለካል፤ ግድግዳው የቱ ጋ እንደገባ፣ የቱ ጋ እንደወጣ ለይቶ ቤቱን እንዳለ በባለ ሦስት አውታረ መጠን ምስል ያወጣዋል። «አንዴ ከተነሳ ደግሞ ማንም አይነካውም።»

ይህን ሲሰሙ ልባቸው ቅቤ ጠጣ። ቤቱን አጠቡ፤ የቁም ሳጥኑን ትልቅ መስታወት እስኪያብረቀርቅ ወለወሉት። ነጋም ሕንፃ ሊመርቅ የመጣ ባለሥልጣን ይመስል ደረቱን ነፍቶ ክፍል ለክፍል ተንጎራደደ። ሲወጣ መርቀው ሸኙት።

ከረመዳን በኋላ ዶዘር መጣ። ወይዘሮ ዙሃራ ለነጋ ደወሉ።

«ማንም አይነካውም አላልከኝም?»

«ምስሉን ማለቴ ነው እማማ! እሱን እንኳን ዶዘር፣ እሳትም አይነካውም። ደስ ይበልዎ፣ ቤትዎ ተነስቷል።»

ከሰዓት በኋላ እውነትም ተነሳ።

ወይዘሮ ዙሃራ የልጃቸው የሰሚራ ሶፋ ላይ ማደር ከጀመሩ በኋላ፣ የነጋ መሥሪያ ቤት ዐውደ ርእይ አዘጋጅቶ በክብር እንግድነት ጠራቸው። ቅርስን ስለ መታደግ ረጅም ንግግር ተደረገ፤ ተጨበጨበ፤ ኬክ ተቆረሰ። ከዚያ ቤቱ በትልቁ ስክሪን ላይ ብቅ አለ። ሰገነቱ አለ፣ ደረጃው አለ፤ እሳቸውም ናፍቋቸው ኖሮ አለቀሱ። መኝታ ቤቱ ጋ ሲደርስ ግን ከግድግዳው ወዲያ ሌላ ክፍል አዩ፤ የእሳቸውን የመሰለ አልጋ ተዘርግቶበታል።

«ይሄ ደግሞ የማን ነው?»

ነጋ አፈረ። «የቁም ሳጥኑ መስታወት ነው እማማ። ካሜራው መስታወት ሲያይ ይሳሳትና ወዲያ ማዶ ክፍል ያለ ይመስለዋል። ነገ እናጠፋዋለን።»

«እንዳትነካት!» አሉ፣ ኬክ የያዙት እንግዶች ሁሉ ዘወር እስኪሉ። «ያንተን ቃል አምኜ ቤት አልባ ሆኛለሁ። በል አሁን የዚችን ክፍል ቁልፍ አምጣ፤ ዛሬ የማድረው እዚያ ነው።»