ሙሉነሽና የኳየሩ ጥቁር ቀሚስ

ሙሉነሽ ከሏን ያወለቀችው የባለቤቷ ሙት ዓመት በወጣ ማግስት ነው። ቡራዩ ላይ የጽሕፈት መሣሪያ ሱቅ አላት። ያን ቀን ቢጫ ሹራብ ለብሳ ሱቋን ስትከፍት ደንበኞቿ "እሰይ!" አሏት። አቋርጣው የነበረውን የከተማውን ኳየር ልምምድም በዚያው ሳምንት ጀመረች።

ኳየሩ የአንድ ቤተ እምነት አይደለም። ነጋዴውም፣ የፋብሪካ ሠራተኛውም ቅዳሜ ከሰዓት በወጣት ማዕከሉ አዳራሽ እየተሰበሰበ ያዜማል። መሪው ጋሽ ገብረየስ ጡረታ የወጡ የሙዚቃ መምህር ናቸው። እሳቸው ካቋቋሙት ጀምሮ ለመድረክ ወንዱ ጥቁር ሙሉ ልብስ፣ ሴቷ ረጅም ጥቁር ቀሚስ ነው የሚለብሱት።

ኳየሩ ሱሉልታ ላይ የሚያቀርበው ዝግጅት ሲቃረብ ጋሽ ገብረየስ መሪ ድምፁን ለሙሉነሽ ሰጧት። ደስ አላት። ልብሱ ትዝ ያላት ቤቷ ከገባች በኋላ ነው። ቀሚሱን ከቁም ሳጥን አውጥታ ለበሰችና መስታወት ፊት ቆመች። ያየችው ያቺኑ የለቅሶ ቤቷን ሴት ነው። ወዲያው አወለቀችው።

ቅዳሜ ልምምዱ ሳይጀመር ጋሽ ገብረየስ ዘንድ ሄደች።

"ጋሼ፣ መሪ ድምፁን ለሌላ ሰው ይስጡት። እኔ ጥቁር አልለብስም።"

"ልጄ፣ መድረክ ላይ አንድ መምሰል አለብን። አንዱ ቀይ፣ አንዱ አረንጓዴ ከለበሰ ሰው ልብስ ሲያይ ዜማው ያመልጠዋል።"

"ይገባኛል። ግን ሌላ ጥቁር ልብስ ስላልነበረኝ ባለቤቴን የቀበርኩት የኳየሩን ቀሚስ ለብሼ ነው። እሱን ለብሼ ድምፄ አይወጣም።"

ጋሽ ገብረየስ ይህን አላወቁም ነበር።

ከወንበራቸው ሆነው የሰሙት የኳየሩ አንጋፋ ኦቦ ኢቲቻ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። "ዱጋ ነው፣ እውነቷን ነው፣ ገብረየስ። እኔም ያን ጥቁር ኮት የምለብሰው ቀብር ስሄድና መድረክ ስወጣ ነው። ባለፈው ከመድረክ ስንወርድ አንዲት ሴትዮ 'ማን ሞቶባችሁ ነው?' ብላኛለች።"

አዳራሹ በሳቅ ተሞላ። ጋሽ ገብረየስ መሳቅ አልፈለጉም ነበር፤ ግን አመለጣቸው።

"ታዲያ ምን እንልበስ?" ሲሉ ጠየቁ።

ሁሉም በአንዴ ማውራት ጀመረ። ነጭ ያለ አለ፤ ሰማያዊ ያለ አለ። ጋሽ ገብረየስ በመጨረሻ እጃቸውን አነሡ።

"በቃ! የምትወዱት ሰው ሠርግ ቢጠራችሁ የምትለብሱትን ልበሱ። ካላማረ ግን ወደ ጥቁሩ እንመለሳለን።"

ሱሉልታ ሲደርሱ ሙሉነሽ ሰማያዊ ቀሚስ ለብሳ ነበር። ኦቦ ኢቲቻ ነጭ ጋቢ ደርበው መጡ። ጋሽ ገብረየስ ግን ያንኑ ጥቁር ሙሉ ልብሳቸውን ከነክራቫቱ ግጥም አድርገው መጡ።

"ጋሼ፣ ምነው?" አለቻቸው ሙሉነሽ።

"እኔ ሠርግ የምሄደው በዚሁ ነው" አሏት።

መድረክ ላይ ሙሉነሽ ዜማውን ስትጀምር ድምፅዋ መጀመሪያ ትንሽ ተንቀጠቀጠባት፤ ኳየሩ ሲቀበላት ግን ተስተካከለ። ሕዝቡ ቆሞ አጨበጨበ።

ሲመለሱ ሚኒባሱ ውስጥ ዜማው አልቆመም። ጋሽ ገብረየስ ከፊት ወንበር ዞር ብለው "ሁለተኛው ስንኝ ላይ ቸኩለሻል" አሏት። ሙሉነሽ እየሳቀች ከመጀመሪያው ጀመረችላቸው።