ያልተጻፈ ስልክ አልተደወለም

ስድስት ፖሊስ ብቻ ያለበት ጣቢያ ገብታችሁ ታውቃላችሁ? ካላወቃችሁ ሳጅኗን ጠይቋት። አቤቱታ የምትቀበለው እሷ፣ የተሰረቀ ቤት ሄዳ አሻራ የምታነሳው እሷ፣ ባልና ሚስት የምታስታርቀው እሷ፣ በገበያ ቀን መንገድ ላይ ፊሽካ የምትነፋው እሷ! ባልደረቦቿ «ሁለገብ» ይሏታል። ስልኩም ያለው እሷ ጠረጴዛ ላይ ነው። አዛዡ ደግሞ በስልክ ቀልድ አያውቁም፤ ማን ደወለ፣ ምን አለ፣ ማን ተቀበለ፣ ሁሉም መዝገብ ላይ መስፈር አለበት። «ያልተጻፈ ስልክ አልተደወለም» ይላሉ፣ በቀን ሦስቴ።

የሁለገብ ልብ ግን ያለው አሻራ ላይ ነው። በዚያ ባረጀ ብሩሿ ዱቄት ነስንሳ የሰው ጣት ብቅ ሲልላት ምሳዋን ትረሳለች። ምን ዋጋ አለው! እዚህ ጣቢያ ዕድሜ ልኳን ብትሠራ የአሻራ ባለሙያ አትባልም፤ መደቡም የለ፣ መሣሪያውም የለ። በጎረቤቱ ትልቅ ክልል ግን ለአሻራ ብቻ አርባ ሰው አለ። አርባ! እዚያ አንድ የሥልጠና ቦታ ወጣ፣ ዕድሜ ከሠላሳ አምስት በታች። እሷ ሠላሳ አራት ዓመት ከአሥር ወር ሆኗታል። ዘንድሮ ካልሆነ በቃ፣ አለቀ።

አዛዡ ለፈተናው ፈቃድ ሲፈርሙ እጃቸው ከብዷቸው ነበር። «አንቺ ብትሄጂ የማጣው አንድ ሰው እንዳይመስልሽ፣ ግማሽ ጣቢያ ነው» አሉ። ፈረሙ ግን፣ እግዜር ይስጣቸው።

ለፈተናው አንድ ክፍል ሌባ የገባበት ቤት መስሎ ተሰናድቷል፦ መስኮት፣ የውሃ ብርጭቆ፣ የተበረበረ መሳቢያ። ጥግ ላይ አንድ ጡረተኛ የቤቱ ባለቤት ሆነው ተቀምጠዋል። ለሦስቱም ተፈታኞች ቤቱ እንደ አዲስ እየተሰናዳ፣ «የሌባውን አሻራ አምጡ» ተባለ። ሁለቱ የከተማ ልጆች ከመስኮቱና ከብርጭቆው ያማረ አሻራ አንስተው ፈገግ እያሉ ወጡ።

ሁለገብ ገባች። ልማድ ክፉ ነው፤ ብሩሹን ሳትነካ ወንበር ስባ ሽማግሌው ፊት ቁጭ!

«አይዞዎት አባባ። ቤት ሲመለሱ ምን ምን ነኩ?»

ሽማግሌው ደነገጡ፤ ከጠዋት ጀምሮ ያናገራቸው ሰው የለም። «መስኮቱን ዘጋሁ፣ ውሃ ጠጣሁ።»

«መሳቢያውንስ?»

«እሱን አልነካሁትም። እሱ አስቸጋሪ ነው፣ ከሥር ካልደገፉት አይከፈትም።»

ሁለገብ ተንበርክካ የመሳቢያውን ሥር ዱቄት ቀባችው። አራት ጣት ቁልጭ ብሎ ወጣ! አንጀቷ ቅቤ ጠጣ።

ምን ያደርጋል፣ ደስታዋ በር ድረስ እንኳ አልዘለቀም። የትልቁ ክልል የአሻራ ክፍል ኃላፊ፣ ኢንስፔክተሯ፣ አስቆሟት። «ሳጅን፣ ተበዳይ ማነጋገር የመርማሪ ሥራ ነው። የአሻራ ባለሙያ አፉን ዘግቶ ነው የሚሠራው። አታውቂም?»

ክው አለች። «አላውቅም ኢንስፔክተር። እኛ ጋ መርማሪዋም እኔው ነኝ።»

ሁለቱ ተፈታኞች ሳቁ። ኢንስፔክተሯ አልሳቁም፤ የሆነ ነገር ጻፉና «ውጤቱን በስልክ እናሳውቃለን» አሉ። በአውቶቡስ ስትመለስ መንገዱን ሙሉ ራሷን ረገመች። ምን አስቀባጠረኝ!

ሁለት ሳምንት አለፈ። የገበያ ቀን ነበር፤ ፊሽካዋን አንገቷ ላይ አንጠልጥላ ልትወጣ ስትል ስልኩ ጮኸ። እንደ ልማዷ ብዕር አነሳች። የደወሉት፦ የአሻራ ክፍል ኃላፊ። መልእክቱ፦ «ሁለቱ ያመጡት የባለቤቱን አሻራ ነው። የሌባውን ያገኘችው ሳጅኗ ብቻ ናት። ሰኞ ሥልጠና ትጀምር። እግረ መንገዷንም አርባ ሰዎቼን የቤቱን ባለቤት መጠየቅ ታስለምድልኝ።»

«መልእክቱን ማን ተቀበለ ልበል?» አሉ ኢንስፔክተሯ።

«እኔው ነኝ» አለች።

በስልኩ ውስጥ ያ የማይስቀው ፊት ሲስቅ ሰማች። ተቀባይ በሚለው ቦታ ላይ ፈረመች።

አዛዡ ብቅ አሉ። «ማን ደወለ?»

መዝገቡን ወደ እሳቸው ገፋችው። መነጽራቸውን አድርገው አነበቡ፣ ደግመው አነበቡ። ብዕሩን ከእጇ ወስደው ከሥሩ «አይቼዋለሁ፣ ደስ ብሎኛል» ብለው ፈረሙ። በዚያ መዝገብ ላይ ደስታ ሲጻፍ የመጀመሪያው ነው።

ከዚያ ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዙረው ዓይናቸውን ጠረጉ። ውጭ መኪናና ጋሪ ተቆላልፎ ጡሩምባው ይቀልጣል።

«በይ ፊሽካውን ስጪኝ» አሉ። «ሰኞ ሳይደርስ ልልመደው።»