ማንም ያልሞከረው ቁልፍ

ዐርዋ ሆሞሻ ላይ ከሚኒባስ ስትወርድ የኦቾሎኒ መፈልፈያው ማሽን ጩኸት እስከ መንገዱ ይሰማ ነበር። ከአሶሳ ጀምራ ስትደውል መጥታለች። የማሽኑ ባለቤት የሺዋስ ስልኩን አላነሳም።

ባለፈው ሳምንት የማሽኑ ቁልፎች ተበላሽተው ተራ የኮምፒውተር ኪቦርድ ገጥማለት ነበር። የእያንዳንዱን ቁልፍ ሥራ በራሷ ኮምፒውተር አዘጋጅታ፣ በማሽኑ ሳጥን ውስጥ ያለው ትንሽ ኮምፒውተር ወደሚያነበው ፋይል ቀየረችው። ማስነሻው ሠራ። ማፍጠኛውም ሠራ። ቀይ ፕላስተር የለጠፈችበትን ማቆሚያ ግን ማንም አልሞከረውም፤ እዚያ ቤት ሥራ ሲያልቅ ከጓሮ ያለውን የመብራት ማቋረጫ ብሬከር ነው የሚያወርዱት። ዛሬ ጠዋት ያንኑ ፋይል ለሌላ ሥራ ስትከፍተው ማቆሚያው ውስጡ የለም። ፋይሉን የሚቀይረው ፕሮግራም የማያውቀውን ቁልፍ ሳያሳውቅ ይጥለዋል።

ገባች። ሽማግሌው ሠራተኛ ጁምዓ በማሽኑ አፍ ላይ የተጠራቀመውን ኦቾሎኒ በመዳፉ እየገፋ ነበር። እጁን እንዲያወጣ ነገረችውና ቀዩን ቁልፍ ተጫነች። ደግማ ተጫነች። ማሽኑ መዞሩን ቀጠለ።

ጁምዓ ጣቶቹን አየ።

"እኔ ይሄን ቁልፍ ነክቼ አላውቅም" አለ። "እጄ ቢያዝ በዚህ ይቆማል ብዬ ነበር።"

የሺዋስ ከበር መጣ። የሆነውን ነገረችው፤ ግማሽ ሰዓት እንዲያቆምላት ለመነችው። ደጅ የቆመውን የጭነት መኪና አሳያት። መብራቱም መቼ እንደሚጠፋ አይታወቅም አላት።

"ይሄ ሽማግሌ ከማሽኑ ጋር ተጋብቷል" ብሎ ሳቀ። "አትነክሰውም።"

"ጋሽ የሺዋስ፣ ጥፋቱ የእኔ ነው።"

"እንግዲያው ጥፋትሽን ማታ አስተካክዪ። አሁን ካቆምሽው ግን ሆሞሻ ውስጥ ሥራ የሚሰጥሽ ሰው አይኖርም። እኔው ነኝ የምነግራቸው።"

ጁምዓን በአገጩ ጠቆመው። ሽማግሌው ዐርዋን አንዴ አየት አድርጎ እጁን ወደ ማሽኑ አፍ መለሰ።

ዐርዋ ወጣች። የሺዋስ የሄደች መስሎት የጭነት መኪናውን ሹፌር ጆንያ እንዲያቀርብ አዘዘው።

በጓሮ ዞረች። ብሬከሩን ወደ ታች ሳበችው። ጩኸቱ እየወረደ ሄዶ ቆመ። ከዚያ የሺዋስ ስሟን እየጠራ በግድግዳው ጥግ ሲመጣ እርምጃው ተሰማት።

እጇን ከብሬከሩ ላይ አላነሳችም።