ሐይቁና የማያርፈው ጉልበቴ

ጉልበቴ አያርፍም። ቁጭ ካልኩ ይርገፈገፋል፤ ከልጅነቴ ጀምሮ እንዲሁ ነው። ሥራዬም አላገዘኝም። የአሳንሰር ጠጋኝ ነኝ፤ ስልኬ በጠራ ቁጥር አንድ ሰው በአምስተኛና በስድስተኛ ፎቅ መካከል ተንጠልጥሎ እየጮኸ ነው። ያን ቀን ግን ስልኩን የፈራሁት በእህቴ ምክንያት ነበር።

እህቴ ነርስ ናት፤ ሲከፋት ትእዛዝ ታበዛለች። "አባዬን ሐይቁ ጋ ውሰደው" አለችኝ። "ሐይቁ እንዴት እንደተሠራ ራሱ ካስረዳህ ከኔ ጋር ይቆያል። ካቃተው ሰኞ መጦሪያ እናስገባዋለን። ዛሬ ምድጃ ለኩሶ ይረሳል፣ ነገ ወጥቶ ይጠፋል፤ እኔም ሰው ነኝ!" ምን እላለሁ? እኔ አራት ወር ሙሉ ሥራ በዛብኝ እያልኩ ደጁን አልረገጥኩም።

ፈተናውን ዝም ብላ አልመረጠችውም። አባዬ ሠላሳ ዓመት ጂኦግራፊ ያስተማረ ሰው ነው። በየዓመቱ ተማሪዎቹን በአውቶቡስ ጭኖ ሐይቁ ወዳለበት ተራራ ይወጣ ነበር። ሁሉም "ካፒቴን" የሚለው ጀልባ ቀዛፊ ተረቱን ይጀምራል፦ ልጇ ተራራውን ተሻግሮ የቀረባት ግዙፍ ሴት እዚህ ቁጭ ብላ ስትጠብቀው መሬቱ ከሥሯ ሰረጎደ፤ እንባዋ ሞላው። አባዬ ቱግ ይላል። "ተረት ለእንቅልፍ ነው! ይህን ጎድጓዳ የቆፈረው በረዶ ነው!" ካፒቴን እየሳቀ ይቀዝፋል። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም፤ ሁለቱም ሠላሳ ዓመት አልለቀቁም።

መንገዱን ሙሉ አባዬ ሹፌር አደረገኝ። "ሹፌር፣ ቀስ ይበሉ እንጂ። ቤት የሚጠብቅዎት ሰው ይኖራል።" እንደዚያ ባለኝ ቁጥር ነዳጁን እረግጣለሁ። በማን እንደተናደድኩ አላውቅም።

ሐይቁ እንደ ድሮው ነው። ውሃው አረንጓዴ፣ ነፋሱ አጥንት ድረስ የሚዘልቅ። ካፒቴን ሸብቷል። አባዬን ሲያይ ቆቡን አወለቀ። "መምህር! አሉ እንዴ?"

"አለሁ" አለ አባዬ፤ ማን እንደሆነ ግን አላወቀውም። ካፒቴንን ወደ ጎን ወስጄ ሁሉንም ነገርኩት፤ የእህቴን ፈተናም ጭምር። ጀልባውን ፈታ።

መሀል ስንደርስ ትዕግሥቴ አለቀ። "አባዬ፣ ይሄ ሐይቅ እንዴት ተሠራ?" ድምፄ የመርማሪ ፖሊስ ሆነብኝ።

ወደ ውሃው ጎንበስ አለ። "አንዲት ሴት ነበረች" አለ። "ትልቅ ሴት። ልጇ ቀረባት። አይመጣም አሏት፤ እሷ ግን ቁጭ ብላ ጠበቀችው።"

አለቀ፣ አልኩ በልቤ። ሰኞ። ከሁሉ የከፋው ደግሞ ያ የቀረው ልጅ እኔ መሆኔ ነው። ጉልበቴ የጀልባውን ወለል ይደበድብ ጀመር። እንግዲህ ካፒቴን ደስ ይበለው፤ ከሠላሳ ዓመት በኋላ አሸነፈ።

ካፒቴን ግን አልሳቀም። መቅዘፊያውን ጭኑ ላይ አጋደመ። "የለም መምህር" አለ። "ተረት ለእንቅልፍ ነው። ይህን ጎድጓዳ የቆፈረው በረዶ ነው። የሃያ ፎቅ ያህል ቁመት ነበረው። ቀኑን ሙሉ ቢያዩት የቆመ ይመስላል፤ ግን ይሄዳል። በሆዱ ድንጋይ ይዞ ዓለቱን እንደ ሞረድ ፋቀው፤ ያውልዎት ጭረቱ። ሲቀልጥ የተሸከመውን ሁሉ ጎድጓዳው አፍ ላይ አራገፈው፤ ውሃውም ታገደ።" ጣቱን ሳይቀር እንደ አባዬ ነበር የሚያነሳው።

አባዬ አፉን ከፍቶ ሰማው። "ግሩም ነው! ማን አስተማረህ?"

"እርስዎ ነዎት፣ መምህር።"

"እኔ?" ሳቀ። ከዚያ ፊቱ ጨፈገገ። "ታዲያ የት ሄደብኝ?"

ካፒቴን መቅዘፊያውን አነሳ። እንባዬ መጣ፤ ወደ ተራራው ዞርኩ። ጉልበቴ ባሰበት፤ ጀልባው መወዛወዝ ጀመረ።

ያኔ የአባዬ መዳፍ ጉልበቴ ላይ ጧ አለ። "አርፈህ ተቀመጥ አንተ ልጅ!" አለ፣ ዓይኑን ከውሃው ሳይነቅል። "ስንቴ ልንገርህ? እህትህንም ጥፍርሽን መብላት ተይ በላት።"

መዳፉን አላነሳውም። ጉልበቴም ዝም አለ።

ከጀልባው ወርደን አባዬን መኪና ውስጥ እንዳስገባሁት እህቴ ደወለች። "አስረዳ?"

መዋሸት እችል ነበር። "አላስረዳም" አልኳት። "ተረቱን ነው ያወራው።" ጥፍሯን ስትቆረጥም በስልኩ ይሰማኛል። "ጥፍርሽን መብላት ተይ ብሎሻል" አልኳት።

መቆርጠሙ ቆመ። "ማን?"

"አባዬ ነዋ።"

"ሰኞን ተወው" አለች በመጨረሻ፣ አፍንጫዋን እየሳበች። "ግን አንተም ልብስህን ይዘህ ና። ብቻዬን አልችለውም።"

"ዛሬውኑ እመጣለሁ።"

መኪናው ውስጥ ስገባ አባዬ ቀበቶውን አስሮ ተቀምጧል። "ሹፌር፣ እንሂድ?" አለኝ በትሕትና።

"እንሂድ፣ አባዬ" አልኩት፤ ቀስ ብዬም ነዳሁ።