ዐይን ኳሷ ላይ

ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም ይላሉ፤ የእኔ ጉድ ግን መስከረም ከጠባ በኋላ ነው የመጣው። ተዋበች የምትባል ወጣት መምህርት ከጎንደር ወደ ንፋስ መውጫ ተዛውራ መጣች፤ ከሻንጣዋም ሁለት ሰፋፊ የእንጨት መምቻና አንዲት የላስቲክ ኳስ አወጣች። አንዱ ኳሷን ከትምህርት ቤቱ ግድግዳ ጋር ሲያላትም፣ ሌላው ነጥራ ስትመጣ ይመልሳል፤ ጨዋታው ይኸው ነው። ታዲያ ለማን ብታስተምረው ጥሩ ነው? ለባሌ! ለመምህር ታፈረ!

ቤታችን የትምህርት ቤቱ አጥር ጥግ ነው። እኔ ሽሮ ሳማስል ግድግዳው ጧ! ጧ! ይላል። ጧ ባለ ቁጥር ልቤ ድንግጥ! ሳቋ ደግሞ! ያገራችን ንፋስ ተሸክሞ እጓዳዬ ድረስ ያስገባልኛል።

«ስፖርት እኮ ነው ጌጤ» ይለኛል ላቡን እየጠረገ። «ለጃንሆይ የዘውድ በዓል ሕዝብ ፊት ልንጫወት ነው።»

«ከእሷ ጋር?»

«ታዲያ ከማን ጋር?»

ወይ ነዶ! አገር ምድሩ በተሰበሰበበት ባሌ ከዚያች ቆንጆ ጎን ሊዘል! ቅናት አይደለም እንዳልል ቅናት ነው፤ እርር ድብን አልኩ። በማግስቱ መቀነቴን ጠበቅ አድርጌ ሄድኩና «እኔንም አስተምሪኝ» አልኳት። ኳስ መች አማረኝ፤ መሃላቸው ልገባ ነው።

«እሰይ! ይምጡ እትዬ» አለችኝ። እትዬ! በስንት ዓመት ብበልጣት ነው እባካችሁ?

መጀመሪያ መምቻውን በሁለት እጄ ጨብጬ፣ ባቄላ በዱላ እንደሚወቃ ሰው ከላይ ወደ ታች አወረድኩት። ታፈረ ከት ብሎ ሳቀ። እሷ ግን እጄን ይዛ አስተካከለችኝ።

«ሰው እንደሚጨብጡ አድርገው በአንድ እጅ ይያዙት። ጎንዎን ለግድግዳው ይስጡ፣ ጉልበትዎን አጠፍ ያድርጉ። ነጥራ እስክትወርድ ይጠብቋት፤ አይሩጡባት። ከመቱ በኋላ ወደ መሃል ይመለሱ። ከሁሉም በላይ ዐይንዎ ኳሷ ላይ ይሁን።»

ወደ መሃል ተመለሺ ማለትስ ለእኔ! ከመሃላቸው መች ወጥቼ አውቃለሁ? ቅናት ጉልበት ይሰጣል መሰለኝ፤ ኳሷ የተዋበች ጉንጭ ናት እያልኩ ስመታት ሰንብቼ፣ ጥቅምት ሲገባ ንፋሱ ወዴት እንደሚወስዳት ሳይቀር አውቄ መመለስ ጀመርኩ። ታፈረ ግን ያው ነው። ከእኔ በፊት የጀመረ ሰው፣ ኳሷ በአፍንጫው ሥር ታልፈዋለች።

«ዐይንዎ ኳሷ ላይ፣ መምህር!» ትለዋለች ሁልጊዜ።

አንድ ቀን ከመሃል ሆኜ ዞር ብዬ አየሁት። የማይሻለው ለምን እንደሆነ ያን ጊዜ ገባኝ። የሚያየው እሷን ነው። እሷ ምስኪኗ ግድግዳዋን እንጂ እሱን ልብ ብላ አይታው አታውቅም። ዞሬ ኳሷን አጥብቄ መታሁ።

በዓሉ ሲቃረብ ተዋበች «ሕዝብ ፊት አብረውኝ የሚጫወቱት እርስዎ ነዎት እትዬ፤ መምህር ገና አልደረሱም» አለች። የታፈረ ፊት ጥቁር! እኔ ግን የልቤ ደረሰ፤ ባሌን ከጎኗ አነሳሁት።

በበዓሉ ቀን ግቢው በሰው ጢም አለ። «ሴት ልጅ እንዲህ መዝለል ጀመረች?» አሉ ሽማግሎቹ። ጧ! መታች። ጧ! መለስኩ። ንፋሱ ኳሷን ወደ ጥግ ቢወስድብኝም ደረስኩባት። ሴቶቹ እልል አሉ፤ «ጌጤ! ጌጤ!» ሲሉኝ ጆሮዬ ሰማ። በሕይወቴ እንዲያ ተጠርቼ አላውቅም። ያን ጊዜ አንድ ነገር ብቻ አማረኝ፤ ባሌ እኔን ሲያየኝ ማየት። ከፊት ወንበር ላይ ተቀምጧል። ዞር አልኩ።

ዐይኑ እዚያው ነው። እኔን አልፎ፣ እሷ ላይ።

«ዐይንዎ ኳሷ ላይ፣ እትዬ!» ስትል ሰማኋት።

ኳሷ አልፋኝ ሄዳ ነበር።